ዎብሊ እና ሪኬቲ፦ የእርስዎ ወንበር የቱ ነው?

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ያገለገሉ ዕቃዎች ዝርዝር አይቼ ሁለት ወንበር ገዛሁ። አንዱን «ዎብሊ»፣ ሌላውን «ሪኬቲ» ይለዋል። መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም «የሚነቃነቅ» ብሎ አለፋቸው። ልዩነት አላቸው? ራሴ ላድሳቸው ነው።

መልስ፦ አላቸው። ለእንጨት ሠራተኛ ደግሞ ትልቅ ልዩነት ነው።

ዎብሊ እንቅስቃሴውን ብቻ ነው የሚናገረው። ዕቃው ወዲህ ወዲያ ይላል፤ አካሉ ግን ጤነኛ ሊሆን ይችላል። ለሚነቃነቅ ጥርስም፣ ለተብረከረከ ጉልበትም፣ ለሚንቀጠቀጥ ድምፅም ይሆናል። ሪኬቲ ግን የዕቃውን አቋም ይናገራል። መጋጠሚያው ላልቷል፣ ሲነኩት ሲጥ ሲጥ ይላል፣ አንድ ቀን ከነሰው ሊወድቅ ይችላል። ቃሉ የመጣው ሪኬትስ ከሚባለው የሕፃናት የአጥንት በሽታ ነው። በቫይታሚን ዲ እጥረት አጥንት ይለሰልስና እግር ይጎብጣል። ሪኬቲ ወንበር እንግዲህ አጥንቱ የደከመ ወንበር ነው። እኔ ብተረጉመው «የወላለቀ» እለዋለሁ። መሰላልና አሮጌ የእንጨት ድልድይም ሪኬቲ ይባላሉ፤ ድምፅ ግን አይባልም።

ሻጭ ቃሉን እንደመጣለት ሊጽፍ ስለሚችል በእጅዎ ያረጋግጡ። ወንበሩን ልሙጥ ወለል ላይ ያቁሙት። የመቀመጫውን ማዕዘኖች በተራ በመዳፍዎ ይጫኑ። አንዱ እግር ተነስቶ ሲመለስ ቋ ካለ፣ መጋጠሚያዎቹ ግን ፍንክች ካላሉ፣ ዎብሊ ነው። እግሮቹ እኩል አይደሉም። (ባለሦስት እግር መቀመጫ ይህ ችግር የለበትም፤ ሦስቱም ምንጊዜም ወለል ይነካሉ።) ከአጭሩ እግር ሥር ወረቀት እያጠፉ ያስገቡ። ቀጥ ሲል የወረቀቱን ውፍረት ለክተው ያንኑ ያህል ስስ እንጨት በኮላ ይለጥፉ። ረጅሙን ልቁረጥ ብለው አይጀምሩ፤ ይህን ሲሉ ያኛው፣ ያኛውን ሲሉ ይህ እያጠረ ወንበሩ ያልቃል።

አራቱም እግሮች ወለል ነክተው፣ መደገፊያውን ወደ ጎን ሲገፉት አካሉ እንዳለ ካዘመመ ሪኬቲ ነው። ጠጋ ብለው እግሩና አግዳሚው የሚገናኙበትን ይዩ። ሲገፉት ክፍተቱ ይሰፋል፣ ሲለቁት ይዘጋል። እባክዎ ምስማር አይምቱበት! እንጨቱን ይሰነጥቀዋል፤ ውሎ አድሮም ተመልሶ ይላላል። መጋጠሚያውን ነቅለው አሮጌውን ኮላ እንጨቱ እስኪታይ ይፋቁ፤ አዲስ ኮላ በደረቀ ኮላ ላይ አይዝም። ከዚያ ቀብተው፣ በሞርሳ ወይም በገመድ ጠፍረው 24 ሰዓት ይተዉት። እስከዚያው ማንም እንዳይቀመጥበት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ያቁሙት።