ሥዕል መሸጥ ከብሩ ሌላ ምን ይሰጣል? ለጠየቀችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ከሥራ መልስ ማታ ማታ ትስያለሽ። ቤተሰብ «እንጀራ አይሆንሽም» ይልሻል። አሁን ደግሞ አንድ ሰው ግድግዳሽ ላይ ያለውን ሥዕል ካልገዛሁ ብሎሻል። ልሽጠው ወይስ ይቅር፣ ከብሩ ሌላስ ምን አገኛለሁ ነው ያልሽው። ሽጪው። እኔም የጀመርኩት እንዲሁ ነው፤ ዛሬ ልጆቼን የማስተምረው በብሩሼ ነው።

1ኛ. ዋጋ ስትጠሪ አትሽኮርመሚ። ሸራው፣ ቀለሙና ፍሬሙ ስንት እንደፈጀ ደምሪና የእጅሽን ጨምሪበት። መጠናቸው ለሚቀራረብ ሥዕሎች ተቀራራቢ ዋጋ ያዢ። ለፈረንጅ ሌላ፣ ለአበሻ ሌላ ካልሽ ወሬው ይዞርና ስምሽ ይበላሻል። ለጓደኛ በስጦታ መስጠት ትችያለሽ፤ በግማሽ ዋጋ ግን አትሽጪ።

2ኛ. ገዢሽን እወቂው። እዚህ ላይ ትንሽ ላውራ፣ ያንገበገበኝ እሱ ነውና።

ሥራዬን ተቀብሎ የሚሸጥልኝ አንድ ሱቅ ነበር። ስሙን አልጠራም። የከፋኝ ኮሚሽኑ አይደለም። ከ30 እስከ 50 በመቶ መውሰድ የተለመደ ነው፤ ሰውዬውም የቤት ኪራይ አለበት። የከፋኝ «ማን ገዛው?» ስለው ደንበኛ ፊት የመለሰልኝ መልስ ነው። «ብርህን ተቀብለሃል፣ ሌላው ምን አገባህ?» አለኝ። ከሸራው ጀርባ የጻፍኩትን ስሜንና ስልኬን ፕላስተር ለጥፎበት ይሸጥ እንደነበር ደግሞ ቆይቶ ሰማሁ። ለወራት ያቀረቀርኩበት ሥራ የት አገር፣ ማን ሳሎን እንደተሰቀለ ዛሬም አላውቅም። ልጁን ለባል ሰጥቶ የአማቾቹን ቤት የማያውቅ አባት ሆንኩ። ብሩ ወዲያው አለቀ፤ ሥዕሎቹን ግን አሁንም አስባቸዋለሁ።

የቀሩትን ሥራዎቼን ሰብስቤ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ በሰው በሰው አንዲት ሴት መጣች። ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ተወልዳ ያደገች፣ አሁን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ናት። ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። በእጇ የነበረው አንድ የደበዘዘ ፎቶ ብቻ ነው፤ እናቷ በር ላይ ቆመው፣ ከኋላቸው የጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ ይታያል። «ይሄን ቤት ሥራልኝ» አለችኝ። ግማሹን ቀድማ ከፈለች። (በትዕዛዝ ስትሠሪ ቀብድ ሳትቀበይ ብሩሽ እንዳታነሺ።)

ንድፉን በቴሌግራም ስልክላት እየደወለች ታርመኝ ነበር። ቆርቆሮው በግራ በኩል ዝጓል። በሩ አረንጓዴ ነው፣ እጀታው አካባቢ ግን በእጅ ብዛት ተፍቆ ከሥር ያለው የድሮ ሰማያዊ ቀለም ይታያል። እኔም መጀመሪያ ሰማያዊውን ቀባሁ፣ ሲደርቅ አረንጓዴውን ደረብኩበት፣ ከዚያ እጀታው ጋ በቢላ ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረግኩት። ልትወስድ የመጣች ቀን እጇ ቀጥታ የሄደው እዚያች ቦታ ላይ ነው። አሜሪካ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ቪዲዮ ላከችልኝ። እህትና ወንድሞቿ ሥዕሉን ከበው የትኛው ክፍል የማን እንደነበር ይከራከራሉ። እኔ በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ስማር ብዙ ተመስግኛለሁ። እንደዚያ ቪዲዮ ያኮራኝ ግን የለም። ከብሩ ሌላ ምን አለው ላልሽው መልሴ ይሄ ነው፤ ያ ባለሱቅ የነጠቀኝም ይሄንኑ ነው።

«ሲሸጥ ጥበብ ይረክሳል» የሚሉሽንም አትስሚ። የዓድዋን ጦርነትና የንግሥተ ሳባን ታሪክ እየሳሉ ለውጭ አገር ሰው የሚሸጡ ሠዓሊዎች አዲስ አበባ ውስጥ ገና ከጣሊያን ወረራ በፊት ነበሩ። እንዲህ ያለ የዓድዋ ሥዕል ዛሬ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አለ። የብዙዎቹ ሠዓሊዎች ስም ግን ጠፍቷል። ስለዚህ ፈርሚ፣ ከፊትም ከጀርባም።

3ኛ. ሥዕሉን ሸጥሽ ማለት መብትሽን ሸጥሽ ማለት አይደለም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለልሽ። ገዢው በካሌንደር ወይም በቲሸርት አባዝቶ ልሽጥ ካለ ሌላ ውል፣ ሌላ ክፍያ ነው።

4ኛ. ወደ ውጭ የሚሄድ ከሆነ ቅርስ አለመሆኑን የሚያሳየውን የመውጫ ወረቀት ቀደም ብላችሁ ጨርሱ፤ በረራው ሲደርስ መሯሯጥ ያስለቅሳል። በቅርብ ቀን ለሚሳፈር ሰው በአክሪሊክ ሥሪ፣ የዘይት ቀለም በደንብ እስኪደርቅ ወራት ይፈጃል። ሸራው ሲጠቀለል ቀለሙ ወደ ውጭ ይሁን፤ ወደ ውስጥ ከሆነ ቀለሙ ይጨማደዳል፣ ይሰነጠቃልም።

የግድግዳሽን ሥዕል ልግዛ ላለሽ ሰው ከማስረከብሽ በፊት በቀን ብርሃን ጥሩ ፎቶ አንሺው፣ ከጀርባው ስምሽን፣ ዓመቱንና ስልክሽን ጻፊበት። የት ሊሰቅለው እንዳሰበም ጠይቂው።