ጭንቀትሽንና የሆድሽን ነገር በተመለከተ፦ ስለ ፕሮባዮቲክ

እህቴ፣ «ጭንቀት ሲይዘኝ ሆዴም ይነፋል፤ ፋርማሲ ውስጥ ፕሮባዮቲክ (ለአንጀት ይጠቅማሉ የሚባሉ በሕይወት ያሉ ባክቴሪያዎች) ለአእምሮም ጥሩ ነው አሉኝ። እሱን ጀምሬ የጭንቀት መድኃኒቴን ላቁም ወይ?» ብለሻል። እባክሽ መድኃኒትሽን አታቁሚ። በድንገት ሲተው ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣትና የጭንቀት ማገርሸት ሊያስከትል ይችላል። መቀነስ ካስፈለገም ካዘዘልሽ ሐኪም ጋር ተመካክረሽ ቀስ በቀስ ነው።

እኔም ሁለቱን ሕመም ለዓመታት አብሬ ኖሬባቸዋለሁ። ለጨጓራ ባክቴሪያ የታዘዘልኝን አንቲባዮቲክ ከጨረስኩ በኋላ ሆዴ አልረጋ ሲል የፕሮባዮቲክ እንክብል ወሰድኩ። መነፋቱና ተቅማጡ ቀለል አለልኝ። ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ ፍርሃት ግን እንዳለ ነበር፤ እሱን ያስታገሰልኝ ሕክምናው ነው።

ሆድና አንጎል መነጋገራቸው እውነት ነው። ቬገስ በሚባለው ነርቭ ውስጥ ካሉት ክሮች አብዛኞቹ መልእክት የሚያደርሱት ከሆድ ዕቃ ወደ አንጎል ነው። «90 በመቶው ሴሮቶኒን የሚመረተው አንጀት ውስጥ ነው» የሚለው ማስታወቂያም ውሸት አይደለም (ሴሮቶኒን ስሜታችንን የሚነካ የሰውነት ኬሚካል ነው)፤ ነገር ግን የአንጀቱ ሴሮቶኒን ወደ አንጎል አያልፍም፣ ይህን ሻጮቹ አይነግሩሽም። እ.ኤ.አ. በ2011 የአየርላንዱ ኮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ የተባለ ባክቴሪያ ለአይጦች ሲሰጡ ፍርሃታቸው ቀነሰ፤ ቬገስ ነርቭ ሲቆረጥ ለውጡ ጠፋ። ብዙ ተስፋ ተጣለበት። በ2017 ያው ባክቴሪያ በጤነኛ ወንዶች ላይ ሲሞከር ግን ባክቴሪያው ከሌለበት ባዶ እንክብል የተለየ ውጤት አላሳየም።

እኔን የበለጠ ያሳመነኝ ምግብ ላይ የተሠራው ነው። በዚያው በ2017 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት ድባቴ ያለባቸውን 67 ሰዎች ለ12 ሳምንት ተከታተለ። አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህልና ዓሣ እንዲበሉ ከታገዙት ሲሶ ያህሉ ሲሻላቸው፣ የምግብ እገዛ ካላገኘው ሌላ ቡድን 8 በመቶው ብቻ ነው የተሻላቸው። ልብ በይ፣ አብዛኞቹ ሕክምናቸውን አላቋረጡም። ምግቡ ደግሞ ከጾም ገበታችን ብዙም አይርቅም፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ገብስ። ሆድሽ ስለሚነፋ ጥራጥሬውን በጥቂቱ ጀምሪ።

«እንጀራ ራሱ ፕሮባዮቲክ ነው» ያላችሁ፣ ሊጡ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ምጣዱ ላይ ይሞታሉ። የጤፉ አሰር ግን አንጀታችን ውስጥ ላሉት ምግብ ይሆናል። በሕይወት ያለውን የምታገኚው ከእርጎ ነው፤ ብሩሴሎሲስ የተባለው ከከብት የሚይዝ በሽታና የሳንባ ነቀርሳ ባልፈላ ወተት ስለሚተላለፉ ከፈላ ወይም ከፓስቸራይዝድ ወተት የተሠራውን ምረጪ።

እንክብሉን መሞከር ከፈለግሽ የባክቴሪያው ሙሉ ስም የተጻፈበትን ገዝተሽ ቢያንስ አራት ሳምንት እዪው፤ ለውጥ ከሌለ ገንዘብሽን አታባክኚ። የሰውነት መከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር አይጀምረው። ሰገራሽ ላይ ደም ካየሽ ወይም ሳታስቢው ከከሳሽ ደግሞ እንክብሉንም ምግቡንም ትተሽ መጀመሪያ ተመርመሪ።