ማሰሪያው የታለ?

ጥያቄ፦ የኔታ፣ ጤና ይስጥልኝ። ደጀን አካባቢ የቀበሌ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ባለፈው ስብሰባ «ገበሬዎቹ ማዳበሪያ ዘገየብን ብለው አመልክተው፣ ኮሚቴው ተሰብስቦ፣ ጉዳዩን አይቶ፣ ለወረዳው ደብዳቤ ጽፎ» ብዬ አራት ነጥብ አስቀመጥሁ። ሊቀ መንበሩ «ይህ አልታሰረም» ብለው መለሱልኝ። ይህን ያህል ግስ እያለበት እንዴት አልታሰረም ይባላል? «መጥቸ» ብዬ መጻፌስ ስሕተት ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ሊቀ መንበርህ ልክ ናቸው። እኔንም ደበሎ ለብሼ ቅኔ ቤት ሳለሁ ያስለቀሰኝ ይኸው ነገር ነበር። ሌሊት የቆጠርሁትን ቅኔ ስነግር የኔታ እስከ መጨረሻው ሰምተው «ማሰሪያው የታለ?» ይሉኛል፤ ነገሩን የሚዘጋው ግስ የታለ ማለታቸው ነው። ግሱን «ቀተለ ገደለ፣ ይቀትል ይገድላል» እያልሁ በቃሌ አወርደዋለሁ፤ የትኛው እንደሚያስር ግን ገና አልገባኝም ነበር።

ብለው፣ አመልክተው፣ ተሰብስቦ፣ አይቶ፣ ጽፎ፦ አምስቱም ቦዝ አንቀጽ ናቸው። በግእዝ «ቀቲሎ» ስንል «ገድሎ» እንደምንለው። ቦዝ ብቻውን ነገር አይዘጋም። እናትህ «ልጁ በልቶ» ብላ ዝም ብትል «እሺ፣ ከዚያስ?» ትላታለህ። «በልቶ ተኛ» ስትል ግን ነገሩ አለቀ።

አሁን በጣም የምወዳትን ነገር ላሳይህ። «ጽፎ» ላይ «አለ»ን ጨምርበት፦ ጽፎ አለ፣ ጽፎአል፣ ጽፏል። ታሰረ! «ይጽፍ»ም እንዲሁ ነው፤ ሲጽፍ፣ ሊጽፍ፣ እንዲጽፍ እያለ ሌላ ግስ ሲጠብቅ ይኖርና «አለ» ሲጨመርበት «ይጽፋል» ሆኖ ራሱን ይችላል። ስናፈርሰው ደግሞ ያ «አለ» አብሮን አይሄድም፦ የ«ጽፏል» አፍራሽ «አልጻፈም»፣ የ«ይጽፋል» «አይጽፍም» ነው። ቦዙማ የራሱ አፍራሽ እንኳ የለውም፤ «ሳይጽፍ»ን ነው የሚዋሰው። በየቀኑ የምንናገረው ቋንቋ ይህን ሁሉ ሥርዐት ይዞ ሳለ ሳናየው ማለፋችን ያሳዝነኛል።

ያንተ ጽሑፍ ባለቤቱም ሁለት ነው፤ አመልካቾቹ ገበሬዎቹ፣ ጸሐፊው ኮሚቴው። እኔ ብሆን ለሁለት እከፍለው ነበር፦ «ገበሬዎቹ ማዳበሪያ እንደ ዘገየባቸው አመለከቱ። ኮሚቴውም ተሰብስቦ ጉዳዩን ካየ በኋላ ለወረዳው ደብዳቤ ጻፈ።»

አደራህን፣ ለማሰር ብለህ «ደብዳቤ ተጻፈ» እንዳትል። መታሰሩንስ ይታሰራል፤ ግን «ተ» ስትገባ አድራጊው ይሰወራል። ማን ጻፈው? ማንስ ይጠየቅበታል? ጤፍ ሲደርስ «ጤፉ ታጨደ» ብንል ማንም አይጎዳም። ራሱ ያጨደና ሰው ቀጥሮ ያሳጨደ ገበሬ ግን አንድ አይደሉም፤ ቃለ ጉባኤም ይህን መለየት አለበት።

«መጥቸ፣ ሰምቸ» የጎጃም አፋችን ነው፤ አትፈርበት። ለመሥሪያ ቤት ስትጽፍ «መጥቼ፣ ሰምቼ» በል፤ የተለመደው እሱ ስለሆነ። ለእናትህ ስትጽፍ ግን «መጥቸ» በላት፤ ድምፅህን ትሰማበታለች።