ከሟች ተወዳዳሪ ጋራዥ ሞተር ሳይክል መግዛት፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ አሮጌ የውድድር ሞተር ሳይክሎች ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ ደብዳቤ ደርሶኛል። አብዛኛው የሚጠይቀው ስለ አንድ ዓይነት ሽያጭ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲወዳደርና ሲሰበስብ የኖረ ሰው ያርፋል። ቤተሰቡም ጋራዡን እንዳለ ለጨረታ ቤት ያስረክባል። ከደብዳቤዎቹ አምስቱን መርጬ ከእያንዳንዱ ሥር መልሴን ጽፌያለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላስ ቬጋስ ታክሲ እነዳለሁ። በየዓመቱ ጥር ላይ ሳውዝ ፖይንት ሆቴል ወደሚካሄደው የሞተር ሳይክል ጨረታ ሰው አደርሳለሁ። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ሞተር እወዳለሁ። ጋሼ፣ 5,000 ዶላር ይዤ ብገባ ያዋጣኛል?

ግባ ወንድሜ። ዜና የሚሆኑት ውዶቹ ብቻ ናቸው። በ2025 እዚያው የሜከም ጨረታ ላይ አንድ የ1915 ሳይክሎን 1.32 ሚሊዮን ዶላር አወጣ። በእንጨት በተሠራ ትራክ ላይ ለመወዳደር የተሠራ ሞተር ነው። በዚያው ሰሞን ግን በአሮጌ መኪና ዋጋና ከዚያም ባነሰ የሚሸጥ ሞልቷል።

ሒሳቡን ቤትህ ጨርሰህ ሂድ። መዶሻው ሲመታ የሰማኸው ዋጋ የምትከፍለው ዋጋ አይደለም። የጨረታ ቤቱ ከገዢው ኮሚሽን ይወስዳል። ብዙ ቦታ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፣ ከዚያ በላይ የሚያስከፍሉም አሉ። ኮሚሽኑ 10 በመቶ ከሆነ በ4,500 ያሸነፍከው ሞተር 4,950 ዶላር ይሆንብሃል። ታክስና ማጓጓዣ ገና አልተጨመረም። ስለዚህ ጣሪያህን 4,000 ላይ አድርገህ ወረቀት ላይ ጻፈውና ኪስህ ክተተው። አዳራሹ ውስጥ ሞቅ ሲል ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይመጣል። እዚያ ስንት ሰው ሲጎዳ አይቻለሁ።

ለንደን ነኝ። ከአንድ ሟች ሰብሳቢ ንብረት መካከል ማንክስ ኖርተን የሚባለው የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ለጨረታ ቀርቧል። ሊብሬ የለውም። የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥርም አብረው ከፋብሪካ የወጡ አይደሉም ይላል ካታሎጉ። ልተወው?

በነዚህ ሁለት ምክንያቶች ብቻ አትተወው። ማንክስ ለውድድር የተሠራ ነው። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ተመዝግበው ስለማያውቁ ሊብሬ አለመኖሩ ብርቅ አይደለም። ቁጥሩም እንደዚያው ነው። ተወዳዳሪው ቅዳሜ ሞተሩ ከተሰበረ እሁድ ሌላ ገጥሞ ይሰለፍ ነበር። በመንገድ ሞተር ሳይክል ላይ የሚያስጠረጥረው ነገር እዚህ የሥራው ጠባይ ነው።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ዛሬ የማንክስ ክፍሎች እንደ አዲስ ይመረታሉ። ከሻንሲ እስከ ሞተር ድረስ አንድ ሙሉ ማንክስ በአዲስ ዕቃ መገጣጠም ይቻላል። እንዲህ የተሠራው ሞተር ሳይክል በራሱ ጥሩ ነው፤ ለውድድር እንዲያውም ከአሮጌው ይሻላል። ጥፋቱ በ1950ዎቹ በተሠራ ሞተር ሳይክል ዋጋ ሲሸጥ ነው። የመንገድ ኖርተን ሻንሲ ላይ የማንክስ ሞተር የተገጠመበትም አለ። መልኩ ይመሳሰላል፤ የእውነተኛው ማንክስ ሻንሲ ግን ሬይኖልድስ 531 ከሚባለው ቀላልና ጠንካራ ቱቦ ነው የተሠራው። ስለዚህ አዋቂ ሰው ይዘህ ሂድና ብየዳውንና ቁጥሩ ብረቱ ላይ የተመታበትን አኳኋን አሳየው።

ከዚያ ታሪኩን ጠይቅ። ማን ነዳው? የት? ፎቶ አለ ወይ? የውድድር ፕሮግራም፣ ደረሰኝ፣ ደብዳቤስ? በ2018 ላስ ቬጋስ ላይ በቦንሃምስ ጨረታ 929,000 ዶላር ያወጣውን የ1951 ቪንሰንት ብላክ ላይትኒንግ አስብ። ጃክ ኤሬት የተባለ ተወዳዳሪ በ1953 አውስትራሊያ ውስጥ በሰዓት 141.5 ማይል ሮጦ የአገሪቱን ክብረ ወሰን የሰበረው በዚያው ሞተር ሳይክል ነበር። ገዢው ብረቱን ብቻ አልከፈለበትም፤ ለተረጋገጠው ታሪክ ነው የከፈለው። ሻጩ በአፉ ከሚነግርህ ይልቅ አንድ የደበዘዘ ፎቶ ይበልጥብሃል። ፎቶው ላይ ያለው ጭረት ሞተር ሳይክሉ ላይ ዛሬም ካለ ደግሞ ምን ትፈልጋለህ።

ስቶክሆልም ነኝ፣ ጨረታው እንግሊዝ ነው። ፎቶ ብቻ አይቼ በኢንተርኔት ልጫረት?

እኔ አልጫረትም። የግድ ከሆነ ሞተር ሳይክሉ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ የሚገልጽ ሪፖርት ከጨረታ ቤቱ ጠይቅ፤ ሞተሩ በእጅ ይዞር እንደሆነም በግልጽ እንዲነግሩህ አድርግ። ከሁሉ የሚሻለው እዚያ ላለ መካኒክ ከፍለህ ማስታየት ነው። እንዲህ ያሉ ዕቃዎች የሚሸጡት እንዳሉ ነው። ዋስትና የለም፤ የሚያውቃቸው ሰውዬ ደግሞ አርፏል።

አትላንታ ነኝ። ከአንድ ተወዳዳሪ ውርስ ጨረታ ያማሃ ቲዜድ 250 ገዛሁ። አሥራ አምስት ዓመት ቆሟል። የእግር ማስነሻ የለውም። ገፍቼ ላስነሳው?

እባክህ እንዳትገፋው! ዛሬ የደረሰኝ ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው።

ቲዜድ ከ1973 ጀምሮ ለውድድር ብቻ የተሠራ ባለ ሁለት ፒስተን ቱ ስትሮክ ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተደባልቆ ነው የሚገባው። ብዙ ተወዳዳሪ የጉሎ ዘይት ይጠቀም ነበር። የጉሎ ዘይት ሞተሩ እየሠራ ሳለ ግሩም ነው፤ ለዓመታት ሲቆም ግን እንደ ሙጫ ይሆናል። ኩሽኔታዎቹን ይይዛቸዋል። ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዘንግ፣ በክራንክሻፍቱ ጫፍና ጫፍ ያሉት ጎሚኒዎች ደግሞ ይደርቃሉ። ደረቅ ጎሚኒ ትርፍ አየር ያስገባል። አየር ሲበዛ ነዳጁ ይሳሳል፣ ፒስተኑ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ከዚያ ሲሊንደሩን ይነክሳል። ይሄ በፍጥነት ላይ እያለህ ከሆነ የኋላ ጎማህ ባንድ ጊዜ ይቆልፋል። ሰው የሚሞትበት ነገር ነው።

እኔ ራሴ አንዴ ቸኩያለሁ። ከውርስ የገዛሁትን ቱ ስትሮክ በገዛሁ ማግስት ጓደኛዬ ከኋላ ገፋልኝና ተነሳ። ድምፁ እንዴት ደስ ይል ነበር! ስድስት ደቂቃ አልቆየም። አንዱ ፒስተን ቀለጠ፣ ሲሊንደሩም ተበላሸ። ለሃምሳ ዓመት በክብር የተያዘ ዕቃ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንዲህ አድርግ። ካንዴላዎቹን ፍታና በቀዳዳው ጥቂት ዘይት ጨምር። ሌሊቱን አሳድረው። በማግስቱ ከፍተኛውን ማርሽ አስገባና የኋላውን ጎማ በእጅህ ቀስ አድርገህ አዙር። እምቢ ካለ አታስገድደው። ቢዞርልህም አትደሰት፤ ሞተሩ ይወርዳል፣ ይከፈታል፣ ጎሚኒዎቹ በሙሉ ይቀየራሉ። ካርቡሬተሩ ይታጠባል፣ አሮጌው ቤንዚን ይደፋል። ጎማው ላይ ያለውን ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ደግሞ እይ፦ 2209 ካለ በ2009 ዓመት 22ኛው ሳምንት ላይ የተመረተ ነው፣ መልኩ ቢያምርም ጣለው።

አሁን ጥያቄ ልጠይቅህ። ደብተሩን አብረህ ገዝተሃል? በነዚህ ሞተሮች ላይ ክራንክሻፍት እንደ ጎማ ጊዜው ሲደርስ የሚቀየር ዕቃ ነው። ጠንቃቃ ተወዳዳሪ ስንት ማይል እንደሮጠ፣ ፒስተኑን መቼ እንደቀየረ፣ በየትኛው ትራክ የቱን የካርቡሬተር ጄት (ነዳጁ የሚያልፍባትን ባለ ቀዳዳ ዕቃ) እንደተጠቀመ ይጽፋል። ደብተሩ ካልመጣ ጨረታ ቤቱ ደውልና ቤተሰቡን ጠይቁልኝ በል። አንዳንዴ ሌላ ካርቶን ውስጥ ተኝቶ ይገኛል።

ጋሼ፣ ሜሪላንድ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። አንዲት እናት አሉ፣ ባለቤታቸው የሞተር ተወዳዳሪ ነበሩ፣ ካረፉ ሰባት ወር ሆነ። ጋራዡ ውስጥ አሥራ አንድ ሞተር አለ። አንድ ሰው መጥቶ ሁሉንም በ20,000 ዶላር ልውሰድ አላቸው። ምን ልበላቸው? እስከዚያው ጋራዡን ላጽዳው?

እህቴ፣ ስለጠየቅሽ እግዜር ይስጥሽ። መጀመሪያ ምንም እንዳይፈርሙ ንገሪያቸው። ለቅሶ ላይ ያለን ሰው የሚያቻኩል ገዢ ለራሱ ነው የሚያቻኩለው። ለመሸጥ ሕጋዊ መብቱ የማን እንደሆነም ይጣራ። ሜሪላንድ ውስጥ በሟች ስም ያለን ንብረት የሚያስተዳድረው በኑዛዜ መዝጋቢው ቢሮ በኩል የሚሾም የውርስ ተወካይ ነው። እሳቸው ይሁኑ ልጃቸው፣ ወረቀቱ ይታይ። አንቺም ራስሽን ጠብቂ። አንዱን ለአንቺ ልስጥሽ ቢሉ እንኳ እሺ አትበይ። ብዙ የእንክብካቤ ድርጅቶች ይከለክላሉ፣ ነገ ልጆቹ ሌላ ትርጉም ቢሰጡት ሥራሽን ታጫለሽ።

ጋራዡን አታጽጂ። ከልቤ ነው የምልሽ። ሞተር ሳይክሎቹን አትጠቢ፣ ዝገቱን አትፈግፍጊ፣ የተለጠፈ ወረቀት አታንሺ። ያ ወረቀት ከውድድር በፊት የተደረገ የፍተሻ ምልክት ሊሆን ይችላል። በ2016 ቦንሃምስ እንግሊዝ ስታፎርድ ላይ ከኮርንዎል ጎተራዎች የወጡ ብራፍ ሱፒሪየር የሚባሉ ስምንት አሮጌ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎችን ሸጦ ነበር። ከሃምሳ ዓመት በላይ ተቀምጠው የዛጉ፣ አንዳንዶቹ የተበታተኑ ነበሩ። ባለቤታቸው አርፎ ነበር። ከነአቧራቸው ወጥተው አንዱ ብቻ 331,900 ፓውንድ አወጣ። የናንተ እንዲህ ያወጣል ማለቴ አይደለም። ግን ከሰው እጅ ያልገባ ነገር ተፈላጊ ነው።

በየመደርደሪያው ያለውን የዕቃ ሣጥን ሁሉ ባለበት ተይው። ቆሻሻ ብረት የሚመስለው የማይገኝ መለዋወጫ ሊሆን ይችላል። ፎቶዎቹን፣ ዋንጫዎቹን፣ ደብተሮቹን አንድ ደረቅ ቦታ ሰብስቢ። እያንዳንዱን ሞተር ሳይክል ከነቁጥሩ በስልክሽ አንሺ። ከዚያ ተወካዩ ቢያንስ ሁለት ጨረታ ቤቶችን ጠርቶ ያስገምት። ኮሚሽናቸውን፣ የማጓጓዣውን ወጪ፣ ከዚህ በታች አይሸጥም የሚል ዋጋ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ በጽሑፍ ይጠይቅ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ እሱን ዛሬውኑ አድርጊ። ቡና አፍልተሽ አብረሻቸው ተቀመጪና ባለቤታቸው ወደ ውድድር ሲሄዱ ማን አብሯቸው ይሄድ እንደነበር ጠይቂያቸው። ሁልጊዜ አንድ ሰው አለ፤ ቫኑን የሚነዳ፣ ማታ ማታ ሞተሩን አብሮ የሚፈታ። የትኛው ሞተር የት እንደሮጠ፣ የትኛው ሣጥን የየትኛው እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። እሱም አርጅቶ ይሆናል። ስልኩን ፈልጊና ጋራዡ ድረስ እንዲመጣ ለምኚው፤ የሚናገረውን ቅረጪ።