ላይቭ ሲቆራረጥ ምን ይደረግ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

«ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሆኜ በቲክቶክ ላይቭ ልብስ እሸጣለሁ። ፊልም ሳይ ምንም አይልም። ላይቭ ስገባ ግን ‹ምስልሽ ተሰባበረ› ይሉኛል።»

ፊልም ወደ አንቺ ይወርዳል፤ ላይቭ ካንቺ ይወጣል። የብዙ ቤት ኢንተርኔት ደግሞ መውጫው ከመግቢያው ይጠባል። በዚያ ላይ ፊልም ቀድሞ እየጫነ ይጠብቅሻል፤ ላይቭ ፋታ የለውም። ስፒድ ቴስት ስታደርጊ አፕሎድ የሚለውን፣ ማለትም የመውጫውን ቁጥር እዪ። ላይቭ በምትገቢበት ሰዓት ይሁን፤ ማታ ጎረቤቱ ሁሉ ኔት ላይ ነው።

«ሱሉልታ ሰርግ ቀራጭ ነኝ። ውጭ ላሉ ዘመዶች በዩቲዩብ ሳስተላልፍ ላይቭ የምልክበት የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ኦቢኤስ፣ ፍሬም ይጥላል፤ ምስሉ ይዘላል። አፕሎዴ 5 ሜጋቢት፣ ቢትሬቴ (በሰከንድ የምልከው ዳታ) 4500 ኪሎቢት ነው። የምስሉን ጥራት ከ1080 ወደ 720 ባወርደውም አልተሻለኝም።»

ያልተሻለህ ቢትሬቱን ስላልነካኸው ነው። መስመሩ የሚሸከመው እሱን ነው። በ720ም በ1080ም 4500 ከላክህ ጭነቱ ያው ነው። 5 ሜጋቢቱም ቴስት ባደረግህበት ደቂቃ የነበረ ነው፤ ይዋዥቃል። እኔ ከግማሹ ብዙም አላልፍም። 720ን በሰከንድ 30 ፍሬም፣ ቢትሬቱን 2500 አድርገው። ኪፍሬሙ (ሙሉ ምስል የሚይዘው ፍሬም) በየ2 ሰከንዱ ይሁን።

ሰርግ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በሲም ካርድ የምትልክ ከሆነ፣ የአካባቢው ስልክ ሁሉ ያንኑ ታወር ይጋራሃል። ጠዋት አዳራሹ ባዶ ሳለ ያገኘኸው ፍጥነት፣ ሙሽሮቹ ሲገቡና እንግዳው ሁሉ ስልኩን ሲያወጣ አይገኝም። ኦቢኤስ ውስጥ መስመሩ ሲጨናነቅ ቢትሬቱን በራሱ የሚቀንስ ምርጫ አለ፤ አብራው። እባክህ ካሜራው ላይም ቅዳ። ሙሽሮቹ ሁለተኛ አይገቡልህም።

«አንድ ሰዓት ስንት ዳታ ይበላል? ተመልካች ሲበዛስ?»

በ2500 ቢትሬት 1.1 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ድምፁ ሲጨመር ትንሽ ከፍ ይላል። ተመልካች ቢበዛ ካንተ የሚወጣው አይጨምርም። አንዴ ትልካለህ፤ የሚያከፋፍለው ዩቲዩብ ነው።

«ራውተሩ ሳሎን ነው፤ የምሠራው ጓዳ።»

ኬብል ዘርጋ። ካልሆነ የዋይፋዩን 2.4 ጊጋኸርዝ ሞክር፤ 5ቱ ግድግዳ ላይ ይደክማል።

«እናቴ ለገጣፎ ሆነው የልጅ ልጃቸውን ምረቃ በዩቲዩብ ሊያዩ ነው። ቪዲዮው እየዞረ እንዳይቆምባቸው ፈራሁ።»

ጥራቱን ወደ 360 አውርዱላቸው። በዚያ ሰዓት የሌሎቻችሁን ስልኮች ከዋይፋዩ አውጡ። አስተላላፊው ካልከለከለው ላይቩን ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል። የልጁ ስም ሲጠራ ምስሉ ቢቆም አትደንግጡ፤ ትንሽ መልሳችሁ ያንኑ አሳዩአቸው።