«ለበጎ ነው» ከማለታችን በፊት፦ ስለ መከራና በረከት ጥያቄና መልስ

ስለ መከራና በረከት ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ መጣ። ሰንበት ትምህርት ቤት ለዓመታት ያስተማርኩ ሰው ነኝ እንጂ ሊቅ አይደለሁም። የቻልኩትን ልሞክር።

ጥያቄ፦ ሰው «እንዴት ነሽ?» ሲለኝ ውስጤ እያረረ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ። ውሸት አይሆንብኝም?

መልስ፦ አይሆንም እህቴ። ያመሰገንሽው እሱን ነው፤ ኑሮ ተመችቶኛል አላልሽም። ቤተ ክርስቲያን «ነአኵቶ ለገባሬ ሠናያት ላዕሌነ» (በጎ ነገር ያደረገልንን እናመስግን) ሲባልም ቆሞ ከሚሰማው ስንቱ የቤት ኪራይ ጨንቆታል! ግን የምታምኛት ጓደኛ ስትጠይቅሽ እውነቱን ንገሪያት።

ጥያቄ፦ ልጄ ካረፈ ሰባት ወሩ ነው። የሚመጣው ሁሉ «ለበጎ ነው» ይለኛል። መስማት አቃተኝ።

መልስ፦ እናቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት። ባይሉዎት ይሻል ነበር። ነገር ሁሉ ለበጎ ነው የሚለው ቃል ሮሜ 8፥28 ላይ አለ። የጻፈው ጳውሎስ የተገረፈ፣ የታሰረ ሰው ነው፤ ለቅሶ ቤት ገብቶ የሰው አፍ ሊያዘጋበት አልጻፈውም። ጌታ አልዓዛርን እንደሚያስነሣው እያወቀ እንኳ አልቅሷል። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ተቀመጡ። ጥፋታቸው የጀመረው አፋቸውን የከፈቱ ዕለት ነው። በመጨረሻም እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው። ያልቅሱ እናቴ። መዝሙር 88ን (በግእዙ ዳዊታችን አቆጣጠር 87) ያንብቡት። በጨለማ ያልቃል፤ ግን ጸሎት ነው።

ጥያቄ፦ መከራዬ የኃጢአቴ ውጤት ነው?

መልስ፦ ደቀ መዛሙርቱም ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ ጠይቀዋል፤ ዮሐንስ 9 ላይ። መልሱ እሱም ወላጆቹም አልበደሉም የሚል ነበር። ጠጥቶ ነድቶ መኪና ያጋጨ ሰው ግን ምክንያቱን ሰማይ ላይ አይፈልግ።

ጥያቄ፦ ጸበል ስጀምር የግፊት መድኃኒቴን ላቁም?

መልስ፦ በፍጹም። ወንጌላዊው ሉቃስ እኮ ሐኪም ነበር። ጸበሉንም ጠጪ፣ ኪኒኑንም ዋጪ።

ጥያቄ፦ «ይህን ያህል ብር ላክ፣ በረከትህ ይለቀቃል» ያሉኝ አሉ።

መልስ፦ ብርህን ያዝ።

ጥያቄ፦ ጅዳ የሰው ቤት ነው የምሠራው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሴ አልሰማሁም። በረከቱ የት አለ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዳንኤል ባቢሎን ሆኖ መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር። አንቺም ማታ ሥራ ጨርሰሽ ወጥ ቤት ውስጥ የምትይው አንድ «አቡነ ዘበሰማያት» ይደርሳል።

በረከቱ የት አለ ላልሽው የራሴን ልንገርሽ። እናቴ የታመመች ጊዜ ተአምር እየጠበቅኩ ሁለት ዓመት ሰማይ ሰማይ አየሁ። ጎረቤታችን ጠዋት ጠዋት አጥሚት በፔርሙስ በር ላይ አስቀምጣ ትሄድ ነበር። ክዳኑ የተሰነጠቀ ቀይ ፔርሙስ ነው፤ እንዳይፈስ በፌስታል ታስረዋለች። አጥሚቱን እየቀዳሁ «ጌታ ሆይ የት አለህ?» እል ነበር። የገባኝ እናቴ ካረፈች በኋላ፣ ፔርሙሱን ልመልስ ስሄድ ነው። ኤልያስም በረሃ ላይ «ነፍሴን ውሰዳት» ብሎ ሲተኛ መልአኩ አልተቆጣውም፣ አልሰበከውም። እንጎቻና ውሃ አቀረበለት። በልቶ ተኛ። ደግሞ ቀስቅሶ አበላው። አንቺም ዛሬ ማን ምን እንዳቀመሰሽ አስቢ። ካጣሽ ግን ምስጋና አትፍጠሪ፤ ማልቀስም ጸሎት ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ አልጋ ላይ ናት። የቱን መዝሙር ላንብብላት?

መልስ፦ 34ን፣ በዳዊት 33ን። ከረዘመባት «እግዚአብሔር ልባቸው ለተሰበረ ቅርብ ነው» የሚለው ላይ አቁሚ። እንቅልፍ ከወሰዳት አትቀስቅሻት።