ሮው ወይስ ጄፔግ? የፎቶ አንሺዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ የሚያጠነጥኑት ካሜራው ፎቶውን በሮው ያስቀምጥ ወይስ በጄፔግ በሚለው ላይ ነው። ሮው የካሜራው ሴንሰር (ብርሃን ተቀባዩ ክፍል) የመዘገበው ገና ያልተሠራበት ጥሬ ፋይል ነው፤ ጄፔግ ደግሞ ተስተካክሎና ተጨምቆ ያለቀለት ፎቶ። ከመካከላቸው ጥቂቶቹን መርጬ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ በካሜራዬ ስክሪን ላይ አምሮ የታየኝ ፎቶ ኮምፒውተር ላይ በሮው ስከፍተው ፈዝዞ አገኘሁት። ካሜራዬ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ካሜራዎ ደህና ነው። በስክሪኑ ላይ ያዩት ሮው ፋይሉን ራሱን ሳይሆን ካሜራው አዘጋጅቶ ፋይሉ ውስጥ ያስቀመጠውን ጄፔግ ነው። በአብዛኞቹ ካሜራዎች የሴንሰሩ እያንዳንዱ ፒክስል የሚመዘግበው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ግማሾቹ አረንጓዴ፣ ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ደግሞ ሰማያዊ። ይህን አደራደር የፈለሰፈው የኮዳኩ ብራይስ ባየር ሲሆን ፓተንቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፒክስል የጎደሉትን ሁለት ቀለሞች ከአጠገቡ ካሉት አስልቶ መሙላት ያስፈልጋል። ከዚያ ኮንትራስት (የብርሃንና የጥላ ልዩነት) ይጨመራል፣ ጠርዞች ጥርት ይላሉ፣ ኖይዝ (ፎቶው ላይ የሚበተን ነጠብጣብ) ይቀነሳል። ጄፔግ ከመረጡ ይህን ሁሉ ካሜራው ጨርሶ ያስረክብዎታል፤ ሮው ከመረጡ ግን ብዙው ሥራ የእርስዎ ይሆናል። ይህን ለመሥራት ጊዜውም ፍላጎቱም ከሌለዎት ያለ ምንም ሐፍረት በጄፔግ ያንሱ። ሮው አንስቶ ሳይነኩት መተው ለማንም አይጠቅምም።

ጥያቄ፦ ሠርግ ላይ ያነሳሁት የሙሽራዋ ቬሎ ነጭ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ጥልፉ ጭራሽ አይታይም። በሮው ባነሳው ኖሮ ይመለስልኝ ነበር?

መልስ፦ ምን ያህል እንደተቃጠለ፣ ማለትም ምን ያህል ከልክ ያለፈ ብርሃን እንደገባበት ይወስነዋል። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም ያለው 256 የብርሃን ደረጃ ነው። ባለ 14 ቢት ሮው ግን 16,384 ደረጃ አለው። ካሜራው ጄፔግ ሲሠራ ደማቁን ክፍል ወደ ነጭ ስለሚገፋው፣ ጄፔጉ ላይ የጠፋ ዝርዝር ሮው ውስጥ ብዙ ጊዜ ተርፎ ይገኛል። ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) ዝቅ ሲያደርጉት በትከሻዋ ላይ ያለው የዳንቴል ቀዳዳ፣ የጨርቁ እጥፋት አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። ሦስቱም ቀለሞች ሴንሰሩ ከሚይዘው በላይ ብርሃን ከተቀበሉ ግን የተመዘገበ ነገር ስለሌለ የትኛውም ሶፍትዌር አይመልሰውም። ሮው ኤክስፖዠርን በግዴለሽነት ለመለካት ፈቃድ አይደለም!

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ በካሜራው ጀርባ የሚያዩት ሂስቶግራም (የፎቶውን የብርሃን ስርጭት የሚያሳይ ግራፍ) አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው ከጄፔጉ ነው። ተቃጥሏል ብሎ ያስጠነቀቀዎት ቦታ ሮው ላይ ደህና ሊሆን ይችላል። በጨለማው ክፍልም ልዩነቱ ያው ነው፤ የጄፔግን ጥላ ብዙ ሲያበሩት ቀለሙ ይሸነታተራል፣ ሮው ግን የተሻለ ይታገሣል። ሠርግን የመሰለ የማይደገም ነገር የሚያነሳ ሰው በሮው እንዲያነሳ አጥብቄ እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ በአምፖል ብርሃን ያነሳኋቸው ፎቶዎች ሁሉ ቢጫ ሆኑብኝ።

መልስ፦ በሮው ከሆነ አይጨነቁ። ዋይት ባላንስ (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገው የቀለም ማስተካከያ) ሮው ላይ እንደ ማስታወሻ ብቻ ነው የሚቀመጠው፤ ጥራት ሳይቀንስ እንደፈለጉ ይቀይሩታል። በጄፔግ ግን ቀለሙ ውስጥ ስለገባ የሚስተካከለው በከፊል ነው።

ጥያቄ፦ ጄፔግ በተከፈተ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። መክፈትም ሆነ ኮፒ ማድረግ አይጎዳውም። የሚጎዳው ኤዲት አድርገው መልሰው ሴቭ ሲያደርጉት ነው፤ ምስሉ 8 በ8 ፒክስል እየተከፈለ እንደገና ስለሚጨመቅ በየጊዜው ጥቂት ዝርዝር ይጣላል። ዋናውን ሳይነኩ በቅጂው ላይ ይሥሩ።

ጥያቄ፦ ለዜና ፎቶ ማንሳት ጀምሬያለሁ። አለቃዬ ጄፔግ ብቻ ነው የምቀበለው ይለኛል። ለምን?

መልስ፦ አለቃዎ ብቻቸውን አይደሉም። የዜና ወኪሉ ሮይተርስ እ.ኤ.አ. በ2015 ከሮው የተሠራ ፎቶ እንዳይልኩለት፣ ካሜራው ራሱ ያወጣውን ጄፔግ እንዲልኩ ለፍሪላንስ ፎቶ አንሺዎቹ አሳውቆ ነበር። ምክንያቶቹ ፍጥነትና ታማኝነት ናቸው። በሌላ በኩል የዜና ፎቶ ውድድር አዘጋጁ ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የመጨረሻው ዙር የደረሱ ተወዳዳሪዎችን ዋናውን ፋይል ይጠይቃል፤ ፎቶው ላይ የተጨመረ ወይም የተቀነሰ ነገር መኖሩን የሚያጣራው በዚያ ነው። ስለዚህ ካሜራዎ ሁለቱንም በአንድ ላይ እንዲያስቀምጥ ያድርጉና ጄፔጉን ይላኩ፣ ሮውን ለራስዎ ያስቀምጡ። በተከታታይ ሲያነሱ ካሜራው ቶሎ ሊዘገይ፣ ካርዱም ቶሎ ሊሞላ ስለሚችል ትርፍ ሚሞሪ ካርድ ይያዙ።

ጥያቄ፦ ሮው ለመክፈት የግድ የሚከፈልበት ሶፍትዌር ያስፈልጋል?

መልስ፦ አያስፈልግም። ዳርክቴብልና ሮውቴራፒ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ካሜራዎ በጣም አዲስ ከሆነ ግን ፋይሉን ማንበብ መቻላቸውን አስቀድመው ያረጋግጡ።